የማይሰበረው ሞለኪውል

ፍሪዘሩን ስትከፍት ብርዱ ፊቷን አልመታትም።

እጇን ከተተች። ሌላ ጊዜ ጣት የሚያጣብቀው የብረት መደርደሪያ ለብ ብሏል። ከሥሩ ውሃ አቁሯል፤ ውሃው ላይ ከብልቃጥ የተላቀቀች ወረቀት ትንሳፈፋለች። ሌት ተቀን ሲያጉረመርም የሚኖረው ሞተርም ጭጭ ብሏል። ተንበርክካ ከጀርባው ስታይ መሰኪያው ከግድግዳው ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ በእሱ ቦታ ወለል የሚወለውለው ማሽን ገመድ ተሰክቷል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ክፍሉ ሲወለወል እንደነበር ትዝ አላት። ዛሬ ሰኞ ነው። ወለሉ በእርግጥ አምሮበታል፤ ጎንበስ ስትል የገዛ ፊቷን አየችበት።

"ምን ሆነሻል? አመድ መሰልሽ እኮ" አለ ከኋላዋ የሌዘሩ ኦፕሬተር። የዓይን መከላከያውን ምሳ ሲበላ እንኳ ከግንባሩ ስለማያወርድ ሁሉም "መነጽሩ" ነው የሚሉት።

"ማነው ይሄን የነቀለው?"

"ምኑን?" ብሎ አጎነበሰ። ሲያይ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዓርብ።"

"በቃ ሞቷላ።"

"ዝም በል እስቲ።"

"እኔ ዝም ብል ይነሳል?" ወደ በሩ ገላመጠ። "እንግዶቹ ሳይገቡ ለፕሮፌሰሩ ንገሪያቸው።"

"አንተ ንገራቸው።"

"እኔ ምን አገባኝ? እኔ የሌዘር ሰው ነኝ። ብርሃኔን አበራለሁ፣ ደሞዜን እቀበላለሁ፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።"

ሞተ የተባለው ሰው አይደለም፤ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ጥቂት ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ግን የላቦራቶሪው እንጀራ የሆነ አንድ ደካማ ሞለኪውል አለ፣ ወይም ነበረ። መድኃኒት ቀለሙም ሽታውም ሳይለወጥ ውስጥ ውስጡን መበላሸት ሲጀምር ቀድሞ የሚፈጠረው እሱ ነው። እሱን ያገኘ የተበላሸውን መድኃኒት ሰው ሳይወስደው ይደርስበታል። ችግሩ የሞለኪውሉ ባሕርይ ነው። ከበረዶ ከወጣ ግማሽ ቀን አይቆይም፤ የቆዩት መመዘኛ ማሽኖች ደግሞ ገና ሲነኩት ይሰብሩትና ስባሪውን መዝነው ያቀርባሉ። ስባሪ የማን እንደሆነ አይናገርም። የዚህ ላቦራቶሪ ማሽን በሌዘር ይሠራል። የሌዘሩ ምት ከፍጥነቱ የተነሳ ሞለኪውሉ ለመሰበር ጊዜ ሳያገኝ አንድ ኤሌክትሮን ተነጥቆ ሙሉ አካሉን ሚዛን ላይ ይወጣል። ሌባ ኪሱን የዳበሰው ሰው መዘረፉን ቤቱ ሲደርስ እንደሚያውቀው ማለት ነው።

እሷን ሚዛን ይሏታል። ናሙናውን የምታዘጋጀውም፣ የማሽኑን ንባብ የምትተረጉመውም እሷ ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው፤ ያኔ እሱም እዚሁ ክፍል ይሠራ ነበር። አሁን እሱ ቤት ከዋለ ቆይቷል፤ የቤቱ ኪራይም የአማቷ መድኃኒትም በእሷ ደሞዝ ላይ ነው። ደሞዟ ደግሞ በኮንትራት ነው። ዛሬ የሚመጡት እንግዶች መድኃኒት እየመረመሩ የሚያልፈውንና የማያልፈውን ለሚወስን ድርጅት የሚሠሩ ናቸው። በዓይናቸው ፊት ሞለኪውሉ ተመዝኖ ከታየ ይፈርማሉ፤ እሷም ቋሚ ትሆናለች። ካልታየ ክፍሉ ይዘጋል። የቀረው አንድ ብልቃጥ ነበር። እሱም መዳፏ ውስጥ ለብ ብሏል።

ለፕሮፌሰሩ ልትነግራቸው እስከ በሩ ሄዳ ነበር። በሩ አጠገብ ያለውን የመስታወት ሳጥን ስታይ እግሯ ቆመ። ሳጥኑ ውስጥ የተሰበረ ሌንስ አለ። አንዲት ልጅ ስትወለውለው አምልጧት ነው የተሰበረው። ፕሮፌሰሩ አልተቆጧትም፤ ስብርባሪውን በትዕግሥት ለቅመው ሳጥን አሠሩለትና ከሥሩ የልጅቷን ቅጽል ስም ጻፉበት። በየቀኑ በዚያ በር ስትገባ ወደ ስብርባሪው እያመለከቱ "እንዴት አደርሽ፣ ልጅሽም ደህና አድሯል" ይሏት ነበር። ልጅቷ ሥራውን ከለቀቀች ሰንብቷል፤ ሳጥኑ ግን አሁንም አቧራው ይጠረግለታል።

ሚዛን ተመለሰች። ፍሪዘሩን ሰካች፣ ውሃውን መጠጠች፣ ብልቃጡን በረዶ የተሞላ ባልዲ ውስጥ ቀበረችው። ምናልባት ጥቂት ተርፎ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። ሌዘሩ ለጥቂቱም ይበቃል። ከሥር የፍሪዘሩ ሞተር ማጉረምረም ሲጀምር መነጽሩ በዓይኑ ጠቀሳትና ዞር አለ።

ፕሮፌሰሩ እንግዶቹን ይዘው ሲገቡ ፊታቸው በርቷል። ረጅም ናቸው፤ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ነው፤ ሰው ሲያዋርዱ ደግሞ የባሰ ይለሰልሳል። የእንግዶቹ አለቃ ቦርሳዋን በሁለት እጇ የያዘች ኮስታራ ሴት ናት። ሁለት ሰዎች ይከተሏታል፤ እሷ ስትነቀንቅ እነሱም ይነቀንቃሉ።

"እንግዲህ የእኛ ሚዛን ይቺ ናት" አሉ ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳርፈው። "ባትናገርም ትመዝናለች።"

ሴትዮዋ ሳቅ አላለችም። "አንድ ጥያቄ አለኝ" አለች። "ይህ ማሽን አምፑል በሚሉት፣ አፉ ቀልጦ በሚዘጋው የመስታወት ብልቃጥ የታሸገውንም ይለያል? የሕፃናት መርፌዎቻችን በሙሉ የሚመጡት በዚያ ነው።"

"በሚገባ። ከአምፑል የወሰድናቸውን ናሙናዎች በሙሉ ፈትሸናል። አንድም የተበላሸ አላገኘንም። የጎማ ክዳን ባላቸው ብልቃጦች የሚመጡት ናቸው የሚያስቸግሩት። እነሱ ከቆዩ ፒኩ ወዲያው ይነሳል።"

ፒክ የሚሉት በስክሪኑ ላይ ሽቅብ የሚወጣውን ሹል መስመር ነው። ሴትዮዋ ነቀነቀች፤ ሁለቱም ነቀነቁ።

ሚዛን ብልቃጡን ከበረዶው አወጣች። መርፌውን በጎማው ክዳን አስገብታ ጥቂት ሳበች። ወደ ማሽኑ ለቀቀችው። መነጽሩ ሌዘሩን ከፈተ። በስክሪኑ ላይ ለጥ ያለ መስመር ይሄዳል፣ ይሄዳል። ፕሮፌሰሩ ወደ እሷ አላዩም፤ ሳያዩዋት ግን ትከሻዋ ላይ ያለው እጃቸው ጠበቅ ማለት ጀመረ።

ፒኩ ተነሳ።

ቀጥ ብሎ፣ ረጅም ሆኖ፣ ሁልጊዜ በሚነሳበት ቦታ ተነሳ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሚዛን እፎይ አለች። ከዚያ ቁመቱን አየች። ቅንጣት አልቀነሰም። ሦስት ቀን ሙቀት ውስጥ የሰነበተ፣ ግማሽ ቀን የማይቆይ ነገር፣ በደህና ጊዜው የነበረውን ቁመት ይዞ ፊቷ ቆሟል።

"ይገርማችኋል" አሉ ፕሮፌሰሩ ለእንግዶቹ። "ይህን ፒክ የለም የሚል ሰው ነበረን። ጎበዝ ሰው፤ አልዋሽም። ብቻ እዚህ ጋ…" ጣታቸውን ከጆሯቸው በላይ አዞሩት። "የሚዛን ባል ነው።"

ሁለቱ ሰዎች ሳቁ። ሴትዮዋም ትንሽ ፈገግ አለች። የሚያሳዝነው ሚዛንም ፈገግ ማለቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባሏ ያኔ የሌዘሩ ኃላፊ ነው። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ተነሳና "ይህ ፒክ የእኛ ሞለኪውል አይደለም" አለ። የሌዘሩን ምት ሆን ብሎ እንዲረዝም አድርጎት ነበር፤ እነሱ ምቱን መዘርጋት ይሉታል። ምቱ ከተዘረጋ ደካማ ነገር ለመሰበር ጊዜ ያገኛል፤ ፒኩ ይወርድና ስባሪ ይተካዋል። እሱ ግን ቢዘረጋው ቢዘረጋው ፒኩ ንቅንቅ አላለም። "ደካማ ያልነው ነገር አልሰበርም ካለ፣ ያልነው ነገር አይደለም። ከሌላ ቦታ የመጣ፣ በክብደት የገጠመው ብርቱ ነገር ነው" አለ። "ባዶውን፣ ሞለኪውል የሌለበትን ማነጻጸሪያ፣ ሁልጊዜ የምንወስደው የመስታወት ክዳን ካለው ትልቁ ጠርሙስ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ በዚያው ብልቃጥ፣ በዚያው የጎማ ክዳን አቆይተን እንሞክረው።" ፕሮፌሰሩ ሰምተውት ሲያበቁ ወደ ሚስቱ ዞሩ። "ሚዛን፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?" አሏት በዚያ ለስላሳ ድምፅ።

እሷ የባሏን ሙከራ ጠጋ ብላ አላየችም ነበር። ግማሹን አምና፣ ግማሹን ፈርታ "ምቱ የተዘረጋ አይመስለኝም፤ ማስተካከያው ላልቶ ነበር" አለች።

"ሚስቱ ያላመነችውን እኛ እንመን?" አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ያቺ አባባል ባሏን ተከትላ ዞረች። ሥራ ፍለጋ የሄደበት ሁሉ ለፕሮፌሰሩ ስልክ ይደወላል፤ እሳቸውም ስለ ጉብዝናው ብዙ ያወሩና መጨረሻ ላይ ያቺን ቀልድ ይነግሯቸዋል። ከዚያ በኋላ ደዋዩ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል። ቤት ውስጥ ተማሪዎች ማስጠናት ሞክሮ ነበር። አንድ ቀን የተማሪ ደብተር ቀዶ ወረወረ፤ ተማሪዎቹም ቀሩ። ለእሷ ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። ብቻ ከዚያ ስብሰባ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ሚዛን ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

እንግዶቹ ፈርመው ሁሉም ለምሳ ወጡ። "አይርበኝም" ብላ ቀረች። መነጽሩ ሌዘሩን ሳያጠፋው ነበር የሄደው።

አዲስ ብልቃጥ አወጣች። ከትልቁ ጠርሙስ ንጹሑን ፈሳሽ ቀዳችና፣ ምንም ያልነካውን አዲስ የጎማ ክዳን ከካርቶኑ አውጥታ ገጠመችበት። ገልብጣ ማሞቂያው ላይ አስቀመጠችው፤ ጎማና ፈሳሽ በቀናት የሚያደርጉትን በሙቀቱ ቶሎ እንዲጨርሱት። በውስጡ ሞለኪውል የለም። መድኃኒት የለም። ጎማና ንጹሕ ፈሳሽ ብቻ። ሲበቃው በመርፌ ሳበችና ለቀቀችው።

ፒኩ ተነሳ።

ከዚያ ሌዘሩ ጋ ሄደች። ምቱን የሚዘረጋውን ማስተካከያ ታውቀዋለች፤ ያሳያት ባሏ ነው፣ አዲስ ተጋቢ ሳሉ፣ ከኋላዋ ቆሞ እጇን በእጁ ይዞ። አዞረችው። መላላቱን በጣቷ ፈተሸች፤ አልላላም። ያኔም አልላላም ይሆናል። ደግማ አዞረች፣ እስከ መጨረሻው። ፒኩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አልተሰበረም።

ክዳኑን ከብልቃጡ ነቅላ በእጇ እንደያዘች ወንበር ስባ ተቀመጠች። ነገሩ አንድ በአንድ መጣላት። እነዚህን ዓመታት ሁሉ ሲመዝኑ የኖሩት ጎማው እንዳይደርቅ የሚቀመምበትን፣ ከክዳኑ ወደ ፈሳሹ የሚወጣውን ማለስለሻ ነው። የቆየ መድኃኒት ፒኩ የሚረዝመው ስለተበላሸ ሳይሆን ከክዳኑ ጋር ስለቆየ ነው። አምፑል ደግሞ መስታወቱ ቀልጦ የሚዘጋ ስለሆነ ጎማ የሚባል አይነካውም፤ ስለዚህ ውስጡ መርዝ ቢሆን እንኳ ማሽኑ ንጹሕ ነው ይላል። የሕፃናቱን መርፌ ንጹሕ ነው ይላል። ባሏ ይህን ሁሉ ቀድሞ በሩቁ አይቶት ነበር፤ እሷ ደግሞ ሳታይ መስክራበታለች። ማልቀስ አማራት፤ ግን እንባዋ አልመጣ አለ።

ፕሮፌሰሩ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ገቡ። ምሳው ተስማምቷቸዋል።

"አንቺ ሰው አትበዪም እንዴ? እፎይ ባልሽበት ቀን?"

"ፕሮፌሰር፣ ፍሪዘሩ ከዓርብ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር።"

ስንጥሩን ከአፋቸው አወጡት። "ማን ያውቃል?"

"እኔና መነጽሩ።"

"እንግዲያው ማንም አያውቅም ማለት ነው።"

"ናሙናው ሞቶ ነበር እኮ። ፒኩ ከክዳኑ ነው የሚመጣው፤ አሁን በባዶ ሞከርኩት። ምቱን ዘረጋሁት፣ አልተሰበረም።" "አምፑሉን አይለይም። ያቺ ሴትዮ ለሕፃናት መርፌ ነው ያለችው።"

ፕሮፌሰሩ ወደ ስክሪኑ አላዩም። እሱን ነው ልብ ያለችው፤ አለማየታቸውን። ማየት የማይፈልግ ሰው ሳይሆን ምን እንደሚያይ የሚያውቅ ሰው ነበር የሚመስሉት። ወንበር ሳቡና ጉልበታቸው ጉልበቷን እስኪነካ ተጠግተው ተቀመጡ።

"ባልሽም እንዲህ ነበር የጀመረው" አሉ በለሆሳስ። "አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ብቻውን፣ ሳይበላ።"

ክዳኑን በጣቶቿ መሃል አገላበጠችው።

"የቋሚነት ወረቀትሽን ነገ እፈርማለሁ። ይሄ አንድ። ሁለተኛ፣ ስለ እሱም አስቤያለሁ። ቤት ውሎ ሲበሰብስ ደስ አይለኝም፤ እኔም ሰው ነኝ። ብልቃጥ የሚያጥብ እንፈልጋለን። ይምጣ።"

"ብልቃጥ የሚያጥብ?"

"ምን ነው? ከክዳኑ ነው ከብልቃጡ ነው ሲል አልነበር? አጥቦ ይይልን።" በራሳቸው ቀልድ ትንሽ ሳቁ። "ከእሱ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በጽሑፍ አልልም፤ ይከብደዋል። ነገ ጠዋት ሁሉም ባለበት ቆሞ፣ ተሳስቼ ነበር ይበል። በአፉ። ይሄን የማደርገው ደግሞ ላንቺ ስል ነው።"

"እሺ ባይልስ?"

"ታዲያ አንቺ ለምን አለሽ?" ተነሱና ኮታቸውን አስተካከሉ። "ያንን የያዝሽውን ክዳን ጣዪው። ሌዘሩንም አጥፊው፤ በከንቱ አይብራ።"

ሌዘሩን አጠፋችው። ክዳኑን ግን ኪሷ ከተተችው፤ ለምን እንደሆነ በዚያን ሰዓት አላወቀችም።

ቤት ስትደርስ ገና አልመሸም። በሩን የከፈቱላት አማቷ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ መስኮት ሥር ተቀምጠው ነበር የጠበቋት።

"ምነው ልጄ ዘገየሽ? ሆነልሽ?"

"ሆነልኝ፣ እማዬ።"

"ተመስገን። ብዬው ነበር፤ እሷ ትወጣዋለች ብዬው ነበር።"

ባሏ ማዕድ ቤት ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ብርጭቆ ያጥባል። ይህ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመጣበት ነው። የታጠበውን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስቶ ያያል፣ ያልጠራ ነገር ያገኝበታል፣ እንደገና ያጥባል። የሸሚዙ ትከሻ ሰፍቶታል፤ ሸሚዙ ግን ያው የድሮው ነው።

"ተነሳ?" አለ ሳይዞር።

"ተነሳ።"

"ቁመቱ?"

"እንደ ወትሮው።"

ብርጭቆውን አስቀመጠና ሌላ አነሳ። ሚዛን በሩ ላይ እንደቆመች፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ የፕሮፌሰሩን መልእክት አደረሰች። ብልቃጥ ማጠቡን ስትናገር በፍጥነት አለፈችው። ሁሉም ፊት መቆሙን ግን በፍጥነት ማለፍ አልተቻላትም።

መጀመሪያ የተናገሩት አማቷ ናቸው። "እና ምን ይጠበቃል? አንዲት ቃል ናት። ብልቃጥ ማጠብስ ምን ነውር አለው? እዚህስ ሲያጥብ አይደል የሚውለው?"

"እማዬ" አለ እሱ።

"ምን እማዬ ትለኛለህ? እሷ ብቻዋን ስትጎተት አታይም? እኔ ሳልሞት ጠዋት ተነስተህ፣ ፊትህን ታጥበህ፣ ሥራ ስትሄድ ልይህ። ሌላ አልለመንኩህም።"

ባሏ ዞረ። እጁ እርጥብ ነው፤ ውሃው በክርኑ በኩል ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ለረጅም ጊዜ ፊት ለፊት አይቷት አያውቅም ነበር፤ አሁን አያት።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለ። "ከዚህ በኋላ ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አልጠይቅሽም።"

"ጠይቀኝ።"

"ምቱን ዘርግታችሁ ሞክራችሁት ታውቃላችሁ? በደንብ ተዘርግቶ?"

እጇ ኪሷ ውስጥ ነበር። ጎማውን ጨበጠችው። "ሞክረነዋል። ራሴ ነኝ የሞከርኩት። ዛሬ።"

"ማስተካከያው ላልቶ አልነበረም?"

"አልላላም። በእጄ ፈትሼዋለሁ።"

"ተሰበረ?"

አልተሰበረም ለማለት አፏን መክፈት ብቻ ነበር የሚበቃት። ያኔ ይህ ጎባጣ ሰው ቀና ይላል፤ ነገ ጠዋት በዚያ በር የሚገባው ይቅርታ ሊጠይቅ ሳይሆን ሊጮህ ይሆናል። ውሉ ይፈርሳል፣ ቤቱ ይበተናል፣ እሷም ሥራ ፈት ሆና እዚህ ትውላለች። ይህን ሁሉ አሰበች። ግን ከሁሉ የባሰ ያስፈራት ኪራዩ አልነበረም። ይህ ሰው እውነቱን ባወቀ ቅጽበት የሚያያትን አስተያየት ነበር የፈራችው። እየጠፋ ያለውን ባሏን መሸከም ለምዳዋለች፤ ትክክል የነበረውን ባሏን ግን የምትችለው አልመሰላትም።

"ተሰበረ" አለች። "ብትንትኑ ወጣ።"

ባሏ ነቀነቀ። ቀስ ብሎ ቧንቧውን ዘጋው። የእጅ ፎጣውን ፈልጎ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አደረቀ።

"እንግዲያው የሳትኩት እኔ ነኝ" አለ። "እነዚህን ዓመታት በሙሉ በሆዴ አንቺን ስወቅስ ነው የኖርኩት። አልነግርሽም እንጂ በየቀኑ ነበር። አልላላም እያልኩ፣ አይታ እንዳላየች ሆና ነው እያልኩ።" ወደ መሬት አየ። "ይቅር በይኝ፣ ሚዛን።"

ያንን ስም ከአፉ ስትሰማ ጀርባዋ ሁሉ ቀዘቀዘ። አማቷ በነጠላ ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና "እሰይ የኔ ልጅ፣ እሰይ" አሉ።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አለች።

ባሏ ሲቀለው ታያት፤ ትከሻው ወረድ አለ፣ ወንበር ስቦም ተቀመጠ። ያልታጠቡትን ብርጭቆዎች ዞሮ አላያቸውም። እንዲህ ብሎ መቀመጥ የሚችል ሰው መሆኑን ረስታው ነበር። ነገ ሰዎቹ እንደሚስቁበት ታውቃለች፤ ማን ቀድሞ እንደሚስቅና ማን ራሱን እንደሚያዞር እንኳ ታውቃለች። የመስታወት ሳጥኑም በሩ አጠገብ ነው።

እጇን ከኪሷ አወጣችና የያዘችውን የቆሻሻ ባልዲው ውስጥ ጣል አደረገችው።

"ምንድነው?" አሉ አማቷ።

"ምንም አይደል። ክዳን ነው።"

ኮቷን አወለቀች። ካውያውን ከቁም ሳጥኑ ሥር አውጥታ ሶኬቱ ላይ ሰካችው፤ መሰካቱን ነካ ነካ አድርጋ አረጋገጠች። ባሏ ቀና ብሎ አያት።

"ነጩን ሸሚዝህን አምጣው" አለችው። "ልተኩስልህ።"

አመጣላት። ሰው ቆሞ ሲናገር አንገትጌው ቀድሞ ስለሚታይ እጅጌዎቹን ጨርሳ አንገትጌውን ደጋግማ ተኮሰችው።